ምትሃተኛው ያኖራቸው መጻሕፍት

በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1927 ዓ.ም. የአንድ ሟች ኑዛዜ ተፈጽሞ 3,988 ጥራዝ መጻሕፍት ተረከበ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ተናዛዡ ሊቅም፣ ዲፕሎማትም፣ የባንክ ባለቤትም አልነበረም። የከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ ያልረገጠ፣ ገና በልጅነቱ ለሥራ የተሰማራ፣ በዓለም መድረኮች ላይ ግን ሃሪ ሁዲኒ በሚል ስም የታወቀ የትርኢት ሰው ነበር። እንጀራውን ያገኝ የነበረው ከካቴና፣ ከእስር ቤት ክፍል፣ ከተቸነከረ ሣጥንና ውሃ ከሞላው ጋን ውስጥ በሕዝብ ፊት ራሱን በማስፈታት ነው። መጻሕፍቱ ዛሬም በዚያው ቤተ መጻሕፍት በብርቅ መጻሕፍትና በልዩ ስብስቦች ክፍል ተጠብቀው ይገኛሉ።

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ከዕለት ሥራችን ጥቂት ፈቀቅ ያለ ታሪክ እንዳቀርብ ባዘዘኝ ጊዜ ይህን ርእስ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁዲኒን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሲኒማና በወሬ ነው። የሰውየው ሥራ ግን በመሠረቱ የቁልፍ፣ የሞላ፣ የሪቬትና የውሃ ሥራ ነበር። ከዚህም በላይ ዕድሜውን ሙሉ ያስጨነቀው ጥያቄ የእኛም የመሐንዲሶች ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ የእጅ ሙያ ምስጢሩን እየጠበቀ ታሪኩን ለተከታይ ትውልድ እንዴት አድርጎ ሊያቆይ ይችላል የሚለው ነው።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በአማርኛችን ምትሃት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። በአንድ በኩል ዓይንን የሚያታልል የእጅ ቅልጥፍና ሥራ ማለት ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከሙታን ወገን የመጣ የሚመስል ጥላ ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ደቀ መዛሙርት በሌሊት በባሕር ላይ የሚሄደውን ባዩ ጊዜ በድንጋጤ የተናገሩት ቃል ይኸው ነው። የፈረንጅ ቋንቋዎች ሁለቱን በልዩ ልዩ ስም ይጠሯቸዋል። ሁዲኒ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ቤተ መጻሕፍቱን በዚህ በአንድ ቃል በሰየመው ነበር፤ ምክንያቱም ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያወረሰው ስብስብ እነዚሁ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። አንደኛው የምትሃት ትርኢት ጥበብ መጻሕፍት ሲሆኑ፣ ሁለተኛው፣ በቁጥርም የሚበልጠው፣ ሙታንን እናነጋግራለን ስለሚሉ ሰዎች የተጻፉት መጻሕፍት ናቸው።

ሁዲኒ መጋቢት 24 ቀን 1874 ዓ.ም. በቡዳፔስት ተወለደ። የመጠሪያ ስሙ ኤሪክ ቫይስ ሲሆን አባቱ የአይሁድ ረቢ ነበሩ። ቤተሰቡ በ1878 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዊስኮንሲን ግዛት አፕልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። አባትየው ሥራቸውን ባጡ ጊዜ ችግር መጣ፤ ልጁም ጋዜጣ እየሸጠና ጫማ እየጠረገ አደገ፤ በኒውዮርክም በከረባት ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ሆኖ ሠራ። በዚያ ወራት አንድ መጽሐፍ እጁ ገባ። ይህም የፈረንሳዊው ምትሃተኛ የዣን ኤዠን ሮቤር ሁዳን የሕይወት ታሪክ ነበር። ወጣቱ በመጽሐፉ ከመማረኩ የተነሣ የደራሲውን ስም ወስዶ በመጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ጨመረበትና «ሁዲኒ» ተባለ። አንድ ሰው ካነበበው መጽሐፍ ስሙን ሲያወጣ የምናየው ብዙ ጊዜ አይደለም።

ስለዚህ ስለ ሮቤር ሁዳን ጥቂት ማለት ይገባል፤ በእኔ አስተያየት ለእኛ ለመሐንዲሶች ከሁዲኒም ይልቅ የሚቀርበን እሱ ነው። በ1805 ዓ.ም. በብሉዋ ከተማ ተወልዶ በሰዓት ሠሪነት ሠለጠነ። በ1845 ዓ.ም. በፓሪስ የራሱን ትንሽ ቲያትር ከፈተ። በትርኢቶቹ ውስጥ ዝነኛው የቀላልና የከባድ ሣጥን ትርኢት ነው። አንዲት ትንሽ ሣጥን ሕፃን ልጅ ያነሣታል፤ ወዲያው ግን ጉልበተኛ ሰው ሊነቀንቃት አይችልም። የሣጥኗ ታች የብረት ሰሌዳ ነበረው፤ ከመድረኩ ወለል በታች ደግሞ ኤሌክትሮማግኔት ተቀብሮ ነበር። ረዳቱ የኤሌክትሪኩን ዑደት ሲዘጋ ሣጥኗ ከወለሉ ትጣበቃለች። በ1856 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ሮቤር ሁዳንን ወደ አልጀሪያ ልኮት የአገሩን ሰዎች በዚሁ ሣጥን አስደነቀ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ዓላማው ማስደነቅ ብቻ ሳይሆን ቅኝ የተገዛውን ሕዝብ ማስፈራራት ነበር። የፊዚክስ እውቀት እንደዚህ ባለ ተግባር መዋሉ ሊያኮራን አይገባም። ሰውየው በጡረታው ዘመን በብሉዋ አጠገብ ያሠራውን ቤት በኤሌክትሪክ ደወልና በኤሌክትሪክ ሰዓት ሞላው፤ የፈረሱ አጃ እንኳ ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ ይፈስለት ነበር።

ሁዲኒ በ1900 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሄዶ ዝነኛ በሆነ ጊዜ ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለ ማየት ተገቢ ነው። ቀን ቀን የድሮ መጻሕፍት መሸጫ ቤቶችን ያስስ፣ አሮጌ የትርኢት ማስታወቂያ ወረቀት ይገዛ፣ የሞቱ ምትሃተኞችን መቃብር እየፈለገ ሣሩን ያስነቅል ነበር። በድሬስደን የጣሊያናዊውን የባርቶሎሜዎ ቦስኮን የተዘነጋ መቃብር አግኝቶ ቦታውን ገዛና ለአሜሪካ ምትሃተኞች ማኅበር አስተላለፈው። ይህ ማኅበር በ1902 ዓ.ም. በኒውዮርክ የተመሠረተ ሲሆን ሁዲኒ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርቶታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የአረጋዊው የቪልያልባ ፍሪከል ታሪክ ነው። ፍሪከል በዘመኑ ብዙ የዕቃ ክምር ሳይደረድር በባዶ መድረክ በመሥራት የታወቀ ጀርመናዊ ምትሃተኛ ነበር። ሁዲኒ በድሬስደን አጠገብ ከሚገኝ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ደጁን ቢያንኳኳ ባለቤታቸው የሉም ብለው መለሱት። በደብዳቤ እየተማጸነ ከቆየ በኋላ በመጨረሻ ሽማግሌው ፈቀዱ፤ በጥቅምት ወር 1903 ዓ.ም. በቀጠሮው ቀን ሁዲኒ ሲደርስ ፍሪከል ከሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ዐርፈው ነበር። ሊያሳዩት ያዘጋጁት ሽልማትና ሥዕል፣ ለእንግዳ ክብር የለበሱትም ልብስ እንዳለ ነበር። የሰማንያ ዓመት ሰው በቃሉ የያዘው ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፋ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ላይ የደረሰው ነገር በአንጻሩ የተቃና ነው። ኤቫንዮን የሚባል ድኻ ሽማግሌ ምትሃተኛ በደብዳቤ ጠየቀውና ሁዲኒ ሆቴሉ ድረስ እንዲመጣ ቀጠረው። በዚያ ቀን ሁዲኒ ታሞ ተኝቶ ስለነበረ ሰዓቱ አለፈ። ወደ ማታ ወጣ ሲል ሽማግሌው ጥቅሉን ታቅፎ ታች በእንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጦ አገኘው፤ ልብሱ ያረጀ ስለነበረ ሠራተኞቹ ወደ ላይ ሊያወጡት አልወደዱም ነበር። ጥቅሉ ሲፈታ የአሥራ ስምንተኛውና የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የትርኢት ማስታወቂያዎች ወጡ። ሁዲኒ በማግሥቱ የሽማግሌውን ምድር ቤት ሄዶ አየ፤ ከዚያም በኋላ ብዙውን ገዛው። ኤቫንዮን ቀደም ብሎ በ1895 ዓ.ም. ከስብስቡ ከፊሉን ለብሪቲሽ ሙዚየም ሸጦ ነበረና ያኛው ክፍል ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ሽማግሌው በ1905 ዓ.ም. በድህነት ሞተ። ማስታወቂያ ወረቀት ማለት ትርኢቱ ባለቀ ማግሥት የሚጣል ነገር ነው፤ አንድ ችግረኛ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ባይሰበስበው ኖሮ የዚያን ሙያ ታሪክ ዛሬ መጻፍ አይቻልም ነበር።

ሁዲኒ በነዚህ ወረቀቶች ምን ሠራ? እዚህ ላይ ሰውየውን ማመስገን ብቻ አይበቃም። ሐሳቡ በመጀመሪያ የምትሃት ጥበብን ታሪክ መጻፍ ነበር። ከ1906 እስከ 1908 ዓ.ም. ራሱ ያዘጋጀው በነበረ ወርኃዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ካወጣ በኋላ በ1908 ዓ.ም. መጽሐፉ ታተመ። ርእሱ ግን የሮቤር ሁዳን መጋለጥ የሚል ሆነ። ስሙን ያወረሰውን ሰው ሌባ ነው ብሎ ከሰሰው። ሮቤር ሁዳን የራሴ ፈጠራ ናቸው ያላቸው ትርኢቶች፣ ፍሬ የሚያፈራው ዛፍም ሆነ የሚጽፈው አሻንጉሊት፣ ከእርሱ በፊት በነአይዛክ ፎክስና በነፒኔቲ ዘመን የነበሩ ናቸው ብሎ ማስታወቂያዎቹን ማስረጃ አድርጎ አቀረበ።

ማስረጃዎቹ እውነተኞች ናቸው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይመስለኝም። አንድ መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ከእርሱ በፊት ድልድይ ስለነበረ ሌባ አይባልም። ፈጠራ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የታወቀን ነገር በአዲስ ኃይል ማንቀሳቀስ ነው፤ ሮቤር ሁዳን በኤሌክትሮማግኔቱ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ሳርዲና በ1947 ዓ.ም. የሁዲኒን ስሕተቶች የሚዘረዝር መጽሐፍ አውጥቶ መልስ ሰጥቷል። የሆነ ሆኖ የሁዲኒ መጽሐፍ በክሱ ምክንያት ቢወቀስም በውስጡ ባተማቸው የድሮ ማስታወቂያዎችና ሥዕሎች ምክንያት እስከ ዛሬ አልተጣለም። የመዝገቡ ጥቅም ከመዝጋቢው ቁጣ በልጦ ተገኝቷል።

በእርሱ ስም ከታተሙት መካከል ለእኛ ሙያ የሚቀርበው በ1910 ዓ.ም. የወጣው የካቴና ምስጢሮች የሚለው መጽሐፍ ነው። ሁዲኒ ይህን የጻፈው አስመሳዮቹን ለመምታት ነበር፤ የሚጠቀሙበትን ዘዴ አስቀድሞ ለሕዝብ ካወጣው ገበያቸው ይዘጋል። በዚህ መጽሐፍ እንደሚገልጸው የዘመኑ ካቴናዎች ብዙዎቹ በጥቂት ዓይነት ቁልፎች የሚከፈቱ ነበሩ። አንዳንዱ የእንግሊዝ ካቴናማ ቁልፍ እንኳ አያሻውም፤ በተገቢው ቦታ ላይ ከጠንካራ ነገር ጋር ሲመታ ይከፈታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መቀርቀሪያው የተያዘው በሞላ ብቻ ከሆነ ካቴናው በድንገት ሲቆም መቀርቀሪያው በራሱ ክብደት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል፤ ምቱ ከሞላው ኃይል ከበለጠ ለቅጽበት ይለቃል። ከመካኒክስ መማሪያ መጻሕፍት ይህን ያህል ግልጽ ምሳሌ የሚሰጡን ጥቂቶች ናቸው።

በ1904 ዓ.ም. የለንደኑ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ አንድ የበርሚንግሃም ቁልፍ ሠሪ አምስት ዓመት ደከመበት የተባለ ካቴና አቅርቦ ሁዲኒን ተገዳደረው። መጋቢት 17 ቀን ብዙ ሺህ ሰው በተሰበሰበበት አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያህል ታግሎ ወጣ። በመካከሉ ኮቱን ለማውለቅ ካቴናው እንዲፈታለት ጠይቆ ተከልክሎ ነበር፤ በጥርሱ ሰንጢ ከፍቶ ኮቱን ቆራርጦ ጣለው። ነገሩ አስቀድሞ የተስማሙበት ይሁን አይሁን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የሕግ ነገርም አለበት። ፓተንት የሚያወጣ ሰው ሥራውን በንድፍና በጽሑፍ መግለጥ ግዴታው ነው፤ ምትሃተኛ ይህን ካደረገ ሙያው አለቀ። ሁዲኒ በመስተዋት ፊት ባለው የውሃ ሣጥን ውስጥ በእግሩ ተሰቅሎ የሚወጣበትን ትርኢት ባዘጋጀ ጊዜ ብልሃት ፈለገ። በ1911 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን እንደ ተውኔት ቆጥሮ በአንድ ተመልካች ፊት ብቻ አሳየው፤ በዚህም የድርሰት መብት አገኘበትና አሠራሩን ሳይገልጥ አስመሳዮችን በሕግ ማገድ ቻለ። ለሕዝብ የታየው በ1912 ዓ.ም. በበርሊን ነው። በአንጻሩ ደግሞ ለሰው ሕይወት የሚጠቅም መስሎ የታየውን አልደበቀም። ጠላቂ ዋናተኛ አደጋ ሲደርስበት በፍጥነት ወጥቶ የሚያመልጥበትን፣ በወገብ ላይ ለሁለት የሚከፈል የመጥለቂያ ልብስ ነድፎ መጋቢት 1 ቀን 1921 ዓ.ም. በቁጥር 1,370,316 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠው። ንድፉን ማንም ሊያየው ይችላል። ስለ ሰውየው ባሕርይ ከብዙ ታሪክ ይልቅ ይህ ልዩነት ይነግረኛል።

ሌሎቹን መጻሕፍቱን ባጭሩ ልለፋቸው። በ1906 ዓ.ም. ስለ ወንጀለኞች ዘዴ፣ በ1920 ዓ.ም. እሳት ስለሚበሉና ሰይፍ ስለሚውጡ ሰዎች፣ በ1922 ዓ.ም. በወረቀት ስለሚሠሩ ምትሃቶች የወጡ ናቸው። ሁሉን በገዛ እጁ ጻፈው ማለት አይቻልም። በ1924 ዓ.ም. በስሙ በመጽሔት የወጣው በግብፅ ፒራሚዶች ሥር ስለ መታሰር የሚተርክ ታሪክ የደራሲው የላቭክራፍት ሥራ እንደ ሆነ የታወቀ ነው።

ሁዲኒ በ1904 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሃርለም ሰፈር የገዛው ቤት ከጊዜ ወደ ጊዜ ከምድር ቤት እስከ ጣራ በመጻሕፍት ተሞላ፤ አልፍሬድ ቤክስ የሚባሉ የቲያትር መጻሕፍት ዐዋቂም ቀጥሮ በቤቱ አስቀምጦ ያስመዘግብ ነበር። በዚህ ዓይነት ስብስብ ውስጥ የዘር ግንድ የሚባለው ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ ባላገር በ1584 ዓ.ም. ያሳተመው ስለ ጥንቆላ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ስኮት የጻፈው ለጨዋታ አልነበረም። ጠንቋዮች ናችሁ እየተባሉ የሚሰቀሉ ድኾች አሮጊቶችን ለማዳን ነው። ስለዚህም ተአምር የሚመስሉ ነገሮች በምን ዘዴ እንደሚሠሩ፣ የውሸት ጩቤውንና የተቆረጠ ራስ በሳሕን ላይ የሚታይበትን ባለ ሁለት ቀዳዳ ጠረጴዛ ሳይቀር በሥዕል አሳየ። በእንግሊዝኛ የምትሃት ጥበብ ጽሑፍ የተጀመረው እንግዲህ ሰውን ከሞት ለማትረፍ ነበር ማለት ነው።

ሁዲኒም በመጨረሻው ዘመኑ ወደዚሁ መንገድ ገባ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች በአውሮፓና በአሜሪካ በሞላ ነበሩ፤ ሙታን ሳቢዎችም ገበያቸው ደራ። የዚህ እምነት አጀማመር በ1848 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት ሃይድስቪል በምትባል መንደር በነበሩት በፎክስ እኅትማማቾች ቤት በተሰማ መንኳኳት ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ በ1888 ዓ.ም. ማርጋሬት ፎክስ በአደባባይ ወጥታ ድምፁ የእግሯ ጣት አጥንት እንደ ነበረ አሳየች፤ በዓመቱ ግን ቃሏን መለሰች። ሁዲኒ የዚህን ሁሉ ጽሑፍ፣ የአማኞቹንም የተቃዋሚዎቹንም፣ ሳይለይ ገዛ። በ1910 ዓ.ም. በገመድ ታስረው መናፍስትን ያመጣሉ ይባሉ ከነበሩት የዳቬንፖርት ወንድማማቾች በሕይወት የቀረውን አይራን ቤቱ ድረስ ሄዶ አነጋገረው፤ ሽማግሌውም ገመዱን እንዴት ይፈታ እንደ ነበረ ነገረው። በ1911 ዓ.ም. አይራ ሞተ። በዚህ ጊዜ ሁዲኒ እንደ ፍሪከል አላመለጠውም።

በ1922 ዓ.ም. የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ከባለቤታቸው ጋር ሆነው የሁዲኒን እናት መንፈስ ጠራንልህ አሉት። ወይዘሮዋ በመንፈስ ተመርተው ብዙ ገጽ ጻፉ፤ በመጀመሪያውም ገጽ ላይ መስቀል አደረጉ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበር። እናቱ የረቢ ሚስት ናቸው፤ እንግሊዝኛም እምብዛም አይችሉም። የሁለቱ ሰዎች ወዳጅነት ከዚያ በኋላ አልቆየም። የሚያስገርመው ዶይል ሁዲኒ ከሞተ በኋላ በ1930 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ ሁዲኒ ራሱ የመንፈስ ኃይል ነበረው፤ ደብቆ ነው እንጂ ከሣጥን የሚወጣው በዚያ ነው ብለው መከራከራቸው ነው።

ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት በ1922 ዓ.ም. መጨረሻ እውነተኛ መንፈሳዊ ክስተት ለሚያሳይ 2,500 ዶላር ሽልማት ሲያውጅ ሁዲኒ ከመርማሪዎቹ አንዱ ሆነ። ዋናው ፈተና በሐምሌ 1924 ዓ.ም. በቦስተን ከማርጀሪ ጋር የተደረገው ነው። በጠረጴዛው ሥር በሁዲኒ እግሮች መካከል ባትሪና የኤሌክትሪክ ደወል ያለበት ሣጥን ተቀመጠ፤ የላይኛው ክዳን ሲጫን ዑደቱ ይዘጋና ይደውላል። ሴትዮዋ እጅና እግሯ በሁለት ሰዎች ተይዞ በጨለማ ውስጥ መንፈሱ ይደውላል ነበር የሚባለው። ሁዲኒ ቀኑን ሙሉ ከጉልበቱ በታች ጠባብ የጎማ መጠቅለያ አስሮ ዋለ፤ እግሩ አብጦ ቆዳው ትንሿን ነገር እንዲያውቅ ሆነ። በጨለማውም የሴትዮዋ ቁርጭምጭሚት ቀስ በቀስ ወደ ሣጥኑ ሲንሸራተት ተሰማው። የመለኪያ መሣሪያውን በገዛ አካሉ ላይ ሠራ ማለት ነው። በነሐሴ ወር በተደረገው ፈተና ግን በሣጥኑ ውስጥ ታጣፊ ማስመሪያ ተገኘና አንዱ ወገን ሌላውን አኖርህ ብሎ ከሰሰ፤ ሁዲኒም ከሜዳው ንጹሕ ዳኛ ሆኖ ወጣ ለማለት አልደፍርም። ኮሚቴው በየካቲት 1925 ዓ.ም. ሽልማቱን ነፈጋት።

የዚህ ሁሉ ንባብ ፍሬ በ1924 ዓ.ም. ምትሃተኛ በመናፍስት መካከል በሚል ርእስ ያወጣው መጽሐፍ ነው። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ በዋሽንግተን ለገንዘብ ሲባል ጥንቆላን የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ በምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ፤ ጠንቋዮቹም በብዛት መጥተው አዳራሹ ተረበሸ። ሕጉ አልጸደቀም። በዚያው ዓመት ጥቅምት 31 ቀን በዲትሮይት ሆስፒታል ከፈነዳ ትርፍ አንጀት በተነሣ ሕመም በ52 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱ ቤስ እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ በየሙት ዓመቱ መንፈሱን ጠብቃ መልስ ስታጣ ተወችው።

ንብረቱ ሲከፋፈል የምትሃትና የመናፍስት መጻሕፍቱ ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። የቲያትር ስብስቡ ተሸጠና ከጊዜ በኋላ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። የትርኢት መሣሪያዎቹን ወንድሙ ሃርዲን ወረሰ፤ ሁዲኒ መሣሪያዎቹ ከወንድሙ ሞት በኋላ እንዲጠፉ ይፈልግ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ወንድሙ ግን በ1940ዎቹ ብዙውን ለአንድ ወጣት ሰብሳቢ ሸጠው። ዝነኛው የውሃ ሣጥን በ1995 ዓ.ም. በናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ በነበረው ሙዚየም በተነሣ እሳት ተቃጥሎ የብረት አጽሙ ብቻ ተረፈ፤ ያንኑ ይዘው እንደገና ሠሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በኛ ሙያ ሥራው ይቆማል፤ መንገዱ፣ ሕንፃው፣ የውሃው መስመር በቦታው አለ፤ ወረቀቱ ግን ይጠፋል። የአንድ ግድብ የመጀመሪያ ንድፍ፣ የአፈር ምርመራው ውጤት፣ በግንባታው ወቅት የተለወጠው ነገር የተጻፈበት ማስታወሻ የት እንዳለ ሲጠየቅ ከጡረተኞቹ አንዱን ፈልጉ ይባላል። ፍሪከሎቻችን ብዙ ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ቢሮ ሲዛወር ጥቅል ጥቅል ፕላን ለእቃ መጠቅለያ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። የማኅበራችን አባላት ቤት ለቤት ያስቀመጡትን ወረቀት አንድ ሰው ቢሰበስበው፣ ለመክሰስም ሆነ ለማመስገን ቢሰበስበው፣ ግድ የለኝም።

ስለ ሁዲኒ የተጻፉት መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ጥራታቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው የሃሮልድ ኬሎክ በ1928 ዓ.ም. ከሚስቱ በተገኘ ወሬ የተጻፈ ስለ ሆነ ደስ ያሰኛል እንጂ አይታመንም። ዋልተር ጊብሰን በ1930 ዓ.ም. ሁዲኒ ትቶት ከሄደው ማስታወሻ ተነሥቶ ያወጣው መጽሐፍ አሠራሮቹን ይገልጻል፤ በየመድረኩ የሚቆለፍበት ትልቅ የወተት ቢዶን አንገቱ ላይ ያሉት ሪቬቶች የይስሙላ እንደ ነበሩና የላይኛው ክፍል ከነጓጉንቸሩ ይነሣ እንደ ነበረ ከዚያ ወዲህ ምስጢር አይደለም። ሚልቦርን ክሪስቶፈር በ1969 ዓ.ም.፣ ኬኔት ሲልቨርማን በ1996 ዓ.ም. ያወጧቸው ግን ሰነድ ያዩ ሰዎች ሥራዎች ናቸው። ሁዲኒ የተወለድሁት በአፕልተን ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ይናገር የነበረውን ያፈረሰው የቡዳፔስት መዝገብ ነው፤ በሮቤር ሁዳን ላይ ያነሣው መሣሪያ በራሱ ላይ ተመለሰ።

በ1955 ዓ.ም. ማክመነስና ያንግ የተባሉ ሰብሳቢዎች ሌላ ትልቅ የምትሃት መጻሕፍት ስብስብ ለዚያው ቤተ መጻሕፍት ስለ ሰጡ ሁለቱ ዛሬ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በሁዲኒ መደርደሪያ ላይ ከመጻሕፍቱ ሌላ ስለ ካርታ ጨዋታ፣ ስለ ካቴና አከፋፈትና በጠመኔ እየሣሉ ስለ መናገር የወጡ ትንንሽ ጽሑፎች በአንድ ተጠርዘው አሉ፤ ምትሃተኞች በእጃቸው የፈረሙባቸውና ጠርዙ ላይ የጻፉባቸው መጻሕፍትም አሉ። ከመቶ በላይ የሚሆኑ የጋዜጣ ቁራጭ የተለጠፈባቸው መዝገቦችም ነበሩት። በመዝገቦቹ ላይ ሁዲኒ ለምን እንደ ቆረጣቸው የሚያስረዳ አንዳች ማስታወሻ አልጻፈም።